በወረርሽኝ ጊዜ የሕፃናት እድገት፦ ስለ ፕሮባዮቲክና ፕሪባዮቲክ ማሟያዎች ሊታወቅ የሚገባው

መግቢያ

የኮቪድ-19 በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ማግስት በአዲስ አበባ ገበያዎች የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የሎሚ ፍላጎት በድንገት ጨምሮ ዋጋቸው ንሮ ነበር። ሥጋት ያደረበት ቤተሰብ መከላከያ ይሆናል ብሎ የሰማውን መሸመቱ የሚያስወቅሰው አይደለም። ነገር ግን ሥጋት በነገሠበት ገበያ ከተረጋገጠው መከላከያ ጎን ለጎን ያልተረጋገጠ ተስፋም አብሮ ይሸጣል። ያልተረጋገጠውን የሚሸምት ቤተሰብ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ገንዘብ ሊገዛው ይችል የነበረውን ምግብም ያጣል።

ወላጆችን ከሚያደናግሩ ምርቶች መካከል በዱቄት፣ በጠብታና በእንክብል መልክ የሚዘጋጁ የፕሮባዮቲክና የፕሪባዮቲክ ማሟያዎች ይገኛሉ። የልጅን በሽታ የመከላከል አቅም እንደሚያጎለብቱ፣ ቁመትና ክብደትም እንደሚጨምሩ ይነገርላቸዋል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ከዚህ አባባል ውስጥ በጥናት የተደገፈውን ካልተደገፈው መለየት፣ እንዲሁም ቤተሰብ አቅሙን በየትኛው ላይ ቢያውል ልጁ በተሻለ እንደሚያድግ ማሳየት ነው።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ኢትዮጵያውያን ሕፃናት መካከል 37ቱ የቀነጨሩ፣ 7ቱ ደግሞ የቀጨጩ ናቸው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ግብ ጥሏል። ወረርሽኙ የቤተሰብን ገቢ በሚቀንስበት ጊዜ ለሕፃን ምግብ የሚወጣው እያንዳንዱ ብር በማስተዋል ሊወጣ ይገባዋል።

1. የቃላቱ ትርጉም

በሰው አንጀት ውስጥ ቁጥራቸው እጅግ የበዛ ረቂቅ ተህዋስያን ይኖራሉ። አብዛኞቹ በሽታ አያመጡም፤ እንዲያውም የምግብን ቅሪት በማብላላት፣ ጎጂ ተህዋስያን ቦታ እንዳያገኙ በመሻማትና የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት በማለማመድ ያገለግላሉ።

ፕሮባዮቲክ የሚባሉት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ጥቅም የሚሰጡ ሕያው ረቂቅ ተህዋስያን ናቸው። ይህ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ2001 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ በሰበሰቧቸው ባለሙያዎች የተቀመጠ ነው። በትርጉሙ ውስጥ ሦስት ሁኔታዎች አሉ፦ ተህዋሱ ሕያው መሆን አለበት፤ መጠኑ በቂ መሆን አለበት፤ ጥቅሙም በጥናት የታየ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ስሙ በማሸጊያው ላይ ቢጻፍም ምርቱ ፕሮባዮቲክ ሊባል አይገባውም።

ፕሪባዮቲክ ደግሞ ተህዋስ ሳይሆን የጠቃሚ ተህዋስያን ምግብ ነው። የሰው አንጀት ራሱ ሊፈጨው የማይችል፣ ነገር ግን በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚመገቡት የአሰርና የስኳር ዓይነት ነው። በቀላል አነጋገር ፕሮባዮቲክ ዘሩ ሲሆን፣ ፕሪባዮቲክ ለዘሩ የሚጨመር ፍግ ነው።

2. አንጀትና እድገት የሚገናኙበት መንገድ

ሕፃን የሚያድገው በበላው ምግብ ብቻ ሳይሆን አንጀቱ ከበላው ውስጥ አጣርቶ ወደ ደም ባስገባው ነው። በቆሻሻ ውኃ፣ ባልታጠበ እጅና በተበከለ ምግብ አማካይነት በየዕለቱ ጎጂ ተህዋስያን የሚገቡበት አንጀት ተቅማጥ ባይታይበት እንኳ ግድግዳው ይቆጣል። የተቆጣ አንጀት ምግብን በሚገባ አይመጥም። ሰውነትም ለእድገት ሊያውለው ይገባው የነበረውን ጉልበት በሽታን ለመዋጋት ያውለዋል።

በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የአንጀት ተህዋስያን ስብጥር ከጤናማ እኩዮቻቸው የተለየ መሆኑም በምርምር ታይቷል። «ጠቃሚ ባክቴሪያ ቢሰጣቸው ያድጋሉ» የሚለው ሐሳብ የመነጨው ከዚህ ነው። ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው። ሆኖም ምክንያታዊ መሆኑ ብቻ በሕፃናት ላይ እንደሚሠራ አያረጋግጥም፤ ይህን የሚያረጋግጠው በጥንቃቄ የተካሄደ ጥናት ነው።

3. ጥናቶች የሚያሳዩት

ማላዊ፦ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነ ጥናት በብላንታየር ከተማ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ላጋጠማቸው 795 ሕፃናት ለሕክምና የተዘጋጀ አልሚ ምግብ ተሰጥቷል። ለግማሾቹ ፕሮባዮቲክና ፕሪባዮቲክ ተጨምሮበታል፤ ለሌሎቹ አልተጨመረም። ማሟያው ከተጨመረላቸው 53.9 በመቶ፣ ካልተጨመረላቸው ደግሞ 51.3 በመቶ የሚሆኑት አገግመዋል። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊፈጠር የሚችል በመሆኑ ማሟያው ማገገምን ጨምሯል ለማለት አላስቻለም።

ኡጋንዳ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ሕክምና ለተደረገላቸው 400 የተጎዱ ሕፃናት ከሁለት ዓይነት ፕሮባዮቲክ የተዘጋጀ ማሟያ ወይም ባክቴሪያ የሌለበት ማነጻጸሪያ ተሰጥቷል። ማሟያውን የወሰዱት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ተቅማጥ የቆየባቸው ጊዜ በሁለት ቀን ያህል አጥሯል። በክብደት መጨመርና በሞት ረገድ ግን ልዩነት አልታየም።

ሕንድ፦ በኦዲሻ ግዛት ገጠር 4,556 አራስ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ለ7 ቀን የተሰጠው የተመረጠ ባክቴሪያና ፕሪባዮቲክ ድብልቅ የደም መመረዝና ሞትን ከ9 በመቶ ወደ 5.4 በመቶ ቀንሷል። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ውጤቱ የተገኘው ጡት በሚጠቡ አራሶች ላይ፣ በተለየ የባክቴሪያ ዝርያ፣ በተወሰነ መጠንና በባለሙያ ክትትል ነው። ጥናቱም በዋናነት የተመለከተው ኢንፌክሽንን መከላከል እንጂ እድገትን ማፋጠን አይደለም።

ባንግላዴሽ፦ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ተመራማሪዎቹ ባክቴሪያ ከመስጠት ይልቅ በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተህዋስያን የሚመግብ ምግብ አዘጋጁ። ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከለውዝና ካልበሰለ ሙዝ የተዘጋጀው ይህ ምግብ ከ12 እስከ 18 ወር ዕድሜ ላላቸው መካከለኛ የምግብ እጥረት ላጋጠማቸው ሕፃናት ለ3 ወር ተሰጠ። ከተለመደው አልሚ ምግብ ያነሰ ኃይል ሰጪነት ቢኖረውም ክብደታቸው ከቁመታቸው አንጻር የተሻለ ጨመረ። ጥናቱ ያካተታቸው ሕፃናት ቁጥር ከ130 ያነሰ በመሆኑ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ሆኖም ለጠቃሚ ተህዋስያን የሚሆነው ምግብ ከጥራጥሬ ጆንያ ሊወጣ እንደሚችል አመልክቷል።

ፕሮባዮቲክ ወይም ፕሪባዮቲክ የተጨመረበትን የጣሳ ወተት በተመለከተም የአውሮፓ የሕፃናት የጨጓራ፣ የአንጀትና የሥነ ምግብ ማኅበር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው አቋም፣ ጭማሪው የጤናማ ሕፃናትን እድገት እንደማያውክ ገልጾ፣ በመደበኛነት እንዲሰጥ ለመምከር ግን ማስረጃው በቂ አለመሆኑን አስታውቋል።

ከእነዚህ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው፦ ማሟያዎቹ በአንዳንድ ሁኔታ ኢንፌክሽንን ወይም ተቅማጥን ሊቀንሱ ይችላሉ፤ እድገትን ያፋጥናሉ የሚለው ግን ጸንቶ አልተረጋገጠም። የአንዱ ዝርያ ውጤትም ለሌላው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ኮቪድ-19ን ይከላከላል ወይም ይፈውሳል ተብሎ በሕፃናት ላይ የተረጋገጠ ፕሮባዮቲክም የለም።

4. ማሟያው የሐኪም ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ

ሕያው ባክቴሪያ ለአብዛኛው ጤናማ ልጅ ጉዳት አያስከትልም። ለሚከተሉት ሕፃናት ግን ከአንጀት ወደ ደም ሊገባና ለሕይወት አስጊ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ስለሚችል ያለ ሐኪም ውሳኔ ፈጽሞ ሊሰጥ አይገባም፦

• ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ወይም ክብደታቸው እጅግ ዝቅተኛ ለሆነ፤
• የመከላከል አቅማቸው በሕመም ወይም በመድኃኒት ለተዳከመ፤
• በጽኑ ታመው ሆስፒታል ለተኙ።

ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ከባድ የአንጀት ሕመም ለመከላከል አንዳንድ ዝርያዎች በሆስፒታል ውስጥ ሊሰጡ ይችላሉ። ይህን መወሰን የሚገባው ግን ሕፃኑን የሚከታተለው ሐኪም እንጂ ጎረቤት ወይም ሻጭ አይደለም።

5. የመጀመሪያው ዘርና ፍግ፦ የእናት ጡት ወተት

ዘሩንም ፍጉንም በአንድነት የያዘ፣ ዋጋ የማይጠየቅበት ምግብ የእናት ጡት ወተት ነው። በጡት ወተት ውስጥ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው ጠጣር ንጥረ ነገር ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው፣ 200 ያህል ዓይነት ያለው ልዩ የስኳር ሰንሰለት ነው። ይህ ስኳር የተዘጋጀው ለሕፃኑ አንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው። መጠኑም በእንገር ውስጥ ከሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ እንገርን ማፍሰስ፣ ለአራስ ቅቤ ማላስ፣ የአብሽ ወይም የስኳር ውኃ መስጠት የሕፃኑን የመጀመሪያ መከላከያ ማሳጣት ነው።

ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት መጀመር፣ እስከ 6 ወር ድረስም ውኃ እንኳ ሳይጨመርለት ጡት ብቻ መጥባት፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ መቀጠል ይኖርበታል።

ኮቪድ-19 የተገኘባት ወይም የተጠረጠረች እናትም ጡት ማጥባቷን መቀጠል ይገባታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ባወጣው ማብራሪያ ጡት ማጥባት የሚሰጠው ጥቅም ከመተላለፍ ሥጋቱ እጅግ እንደሚበልጥ አስገንዝቧል። እናት የሚከተሉትን ታድርግ፦

• ሕፃኑን ከመንካቷ በፊትና በኋላ እጇን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ትታጠብ፤
• በምታጠባበት ጊዜ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ታድርግ፤
• የምትነካካቸውን ዕቃዎች አዘውትራ ታጽዳ፤
• ሕመሙ ጠንቶባት ማጥባት ካልቻለች ወተቷን በንጹሕ ዕቃ ታልብ፤ ጤነኛ የቤተሰብ አባልም በጡጦ ሳይሆን በስኒና በማንኪያ ይስጠው።

የኮቪድ-19 ክትባት የወሰደች እናትም ጡት ማጥባቷን አታቋርጥ።

6. ከ6 ወር በኋላ፦ ከማሟያው ይልቅ ማዕዱ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ራጉኤል አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት ይወሰድ። አባት በገበያው በጭነት ሥራ ይተዳደራል፤ ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ሥራው ቀንሷል። እናት የ8 ወር ልጇ ክብደት አለመጨመሩ አሳስቧታል። አንዲት ጎረቤቷም ልጅ የሚያፋፋ የባክቴሪያ ዱቄት እንዳለ ነግራታለች። በእጇ ያለው ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ይበቃል፦ ለዱቄቱ ወይም ለሳምንቱ አስቤዛ።

ከላይ በቀረቡት ማስረጃዎች መሠረት የተሻለው ምርጫ አስቤዛው ነው። በዚያው በመርካቶ በእህል በረንዳ ገብስ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ ምስርና አኩሪ አተር ይገኛል። እነዚህ የጠቃሚ ባክቴሪያ ምግብ የሆነውን አሰር በተፈጥሯቸው የያዙ ናቸው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ሙዝም እንዲሁ። ከማሟያው ግን በአንድ ዋና ነገር ይለያሉ፦ ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ይመግባሉ፤ ኃይል፣ ፕሮቲን፣ ብረትና ዚንክ ይሰጡታል። በዱቄቱ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሥጋና አጥንት ሊሆን አይችልም።

ለልጁ ምግብ ሲዘጋጅ የሚከተሉትን መፈጸም ይመከራል፦

• ከሁለት እስከ ሦስት እጅ እህል ለአንድ እጅ ጥራጥሬ ተመጥኖ፣ ታምሶና ተፈጭቶ ወፈር ያለ ገንፎ ይዘጋጅ። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመርበት።
• በተቻለ መጠን እንቁላል፣ ወተት ወይም ሥጋ፣ የተፈጨ ጎመን፣ ካሮትና ፍራፍሬ ይታከልበት። የጡት ወተትን ጨምሮ ከስምንቱ የምግብ ምድቦች ቢያንስ አምስቱን በየቀኑ ማግኘት ይኖርበታል።
• ከ6 እስከ 8 ወር በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 እስከ 23 ወር ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይመገብ፤ በመካከልም መክሰስ ይጨመርለት።
• ለውዝና ሽምብራ እንዳያንቀው ፍሬው ሳይሰጠው ተፈጭቶ ይሰጠው።
• ለመከላከያ ተብሎ ማር አይሰጠው። ማር 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ገበያ መውጣትም ጥንቃቄ ይሻል። በ2012 ዓ.ም. የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ የተዛወረው መጨናነቅን ለመቀነስ ነበር። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ፣ ሕፃኑን ሳያዝልና ገበያው ባልተጨናነቀበት ሰዓት ይሂድ፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ ሲመለስም እጁን ይታጠብ።

የልጁ ክብደት አለመጨመር ግን በምግብ ብቻ ተወስኖ ሊታለፍ አይገባም። እናት ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳ ልታስመዝነው ይገባል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ሕፃን የግራ ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ከፍተኛ የምግብ እጥረት አጋጥሞታልና በአስቸኳይ መታከም አለበት። በጤና ተቋም የሚሰጠው ለሕክምና የተዘጋጀ አልሚ ምግብ በማናቸውም ማሟያ አይተካም።

7. እርጎና እንጀራ ምን ያህል ይረዳሉ?

የኢትዮጵያ ማዕድ በእርሾና በመብላላት የበለጸገ ነው። እርጎ ሕያው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ይዟል፤ ፕሮቲንና ካልሲየምም ይሰጣል። ነገር ግን ካልፈላ ወተት የተዘጋጀ እርጎ የከብት ሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ወተቱ አስቀድሞ ይፍላ፤ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ፤ ከዚያም ከፈላ ወተት የተዘጋጀ አንድ ማንኪያ እርጎ ተጨምሮበት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ይርጋ። ከ6 ወር በኋላ ከሌላ ምግብ ጋር በጥቂቱ ሊሰጥ ይችላል፤ የጡት ወተትን ግን አይተካም።

የእንጀራ ሊጥ እርሾም በሕያው ተህዋስያን የተሞላ ነው። ምጣዱ ላይ ሲጋገር ግን ይሞታሉ፤ ስለዚህ እንጀራ ፕሮባዮቲክ አይደለም። ጥቅሙ በሌላ በኩል ነው፦ ሊጡ ሲቦካ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። በዚህም ሰውነት ማዕድናቱን በተሻለ ይመጥጣል። ጠላና ቦርዴ የተብላሉ መጠጦች ቢሆኑም አልኮል ስላለባቸው ለሕፃናት አይሰጡም።

8. ተቅማጥና አንቲባዮቲክ

ልጅ ሲያስቀምጠው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ፕሮባዮቲክ ሳይሆን በተለምዶ ለምለም የሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ነው። የለምለሙ አንድ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። ዚንክ ከ6 ወር በታች ለሆነ 10፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 20 ሚሊ ግራም በየቀኑ ለ10 ቀን ይሰጣል። ጡት ማጥባትና መመገብም ይቀጥላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የዓይን መሰርጎድ፣ መዝለፍለፍ ወይም መጠጣት አለመቻል ከታየ ሕፃኑ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ወረርሽኙን በመፍራት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ለልጆች መስጠት ጎጂ ልማድ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም፤ የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ይገድላል። በአንድ እጅ የጠቃሚ ባክቴሪያ ዱቄት፣ በሌላው እጅ ያልታዘዘ አንቲባዮቲክ የሚገዛ ቤተሰብ የሚተክለውን መልሶ እየነቀለ ነው።

9. ማሟያ ለመግዛት ሲታሰብ

ምርቱን መግዛት ግድ ከሆነ አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ይማከር። በማሸጊያው ላይ የባክቴሪያው ሙሉ ስም፣ ሕያው ብዛቱ፣ የሚመከርበት ዕድሜ፣ የአቀማመጡ ሙቀትና የመጠቀሚያው ማብቂያ ጊዜ መጻፋቸው ይረጋገጥ። ሕያው ባክቴሪያ በሙቀት ይሞታልና በፀሐይ ላይ የቆየ ምርት ዋጋ ቢስ ሊሆን ይችላል። በሽታን ይፈውሳል የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈበት የምግብ ማሟያ ሲያጋጥም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ ስልክ ቁጥር 8482 ጥቆማ መስጠት ይቻላል።

ቁልፍ መልእክቶች

• ፕሮባዮቲክና ፕሪባዮቲክ ማሟያዎች የልጆችን እድገት እንደሚያፋጥኑ በበቂ ሁኔታ አልተረጋገጠም፤ ከኮቪድ-19ም አይከላከሉም።
• እንገርና የጡት ወተት የሕፃን አንጀት ጠቃሚ ተህዋስያን ምርጥ መነሻ ናቸው፤ ኮቪድ-19 የያዛት እናትም በጥንቃቄ ታጥባ።
• ከ6 ወር በኋላ የተመጠነ ገንፎ፣ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ልጁንም ተህዋስያኑንም ይመግባሉ።
• ንጹሕ ውኃና የታጠበ እጅ አንጀትን ከጉዳት ይጠብቃሉ፤ ከኮቪድ-19 ለመከላከልም ያግዛሉ።
• ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም በጽኑ ለታመመ ሕፃን ሕያው ባክቴሪያ የሚሰጠው በሐኪም ውሳኔ ብቻ ነው።
• ክብደቱ የማይጨምር ሕፃን የሚያስፈልገው መመዘንና መመርመር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ለሕፃናት የመከላከል አቅም ይጠቅማሉ ተብለው የሚሰጡ ነገሮች የትኞቹ ናቸው? ከመካከላቸው ጎጂ የሆነ አለን?
2. በራጉኤል ምሳሌ የቀረበችው እናት በሳምንቱ አስቤዛ ከአምስት የምግብ ምድብ የተውጣጣ ማዕድ እንዴት ልታሟላ ትችላለች?
3. ጡት የምታጠባ እናት ኮቪድ-19 ቢገኝባት ቤተሰቡ በምን ሊያግዛት ይገባል?

ስለ ኮቪድ-19 ተጨማሪ መረጃ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ይገኛል።